በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላው የእናቴ ኤሲ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምኖር የ39 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ 72 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ክፍሏ በምዕራብ በኩል ስለሆነ የከሰዓት ፀሐይ አይለቀውም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ምድጃ ይሆናል።

በ2005 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ከሚሠራበት ከዱባይ ኤሲ ላከላት፤ የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ ነው። ወንድሜ በ2008 አረፈ። እናቴ እስከ ዛሬ ማሽኑን በጨርቅ ትወለውለዋለች።

ችግሩ ጋዙ ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ የፍሪጅና የኤሲ ሠራተኛ ነው፤ ፋሲካ ሲቃረብ መጥቶ ይሞላልናል። ድሮ አንዴ ከሞላ ዓመት ይቆይ ነበር። አምና አምስት ወር ቆየ። ዘንድሮ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ተሞልቶ በሰባተኛው ሳምንት ማቀዝቀዙን ተወ። አሁን ከውጪው ማሽን የሚነሣው ቀጭኑ ቱቦ በረዶ ይሠራል፤ ጠዋት ስንነሣ ግድግዳው ላይ ውሃ ወርዶ እናገኛለን። ማታ መብራት ሲደክም ደግሞ የውጪው ማሽን ያጓራል እንጂ አይነሣም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ እቁብ ይወጣልናል። ባለቤቴ «ይሄ አርጅቷል፣ መብራትም ይበላል፣ ኢንቨርተር ኤሲ እንግዛ» ይላል። እኔ ያን ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ለምትገባው ልጄ ላፕቶፕ መግዣ ነበር ያሰብኩት። እናቴ «የልጄን ዕቃ ከግድግዳ እንዳታወርዱብኝ» ትላለች። ሌላ ባለሙያ እንጥራ እንዳልል የባለቤቴ ዘመድ ይቀየማል፤ የጋዙን እንጂ የእጁን እንኳ ተቀብሎን አያውቅም። መሀል ላይ ቆሜ ግራ ገብቶኛል። ይለወጥ ወይስ ይጠገን?

ም. ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ መጀመሪያ ዓይን የሚይዙት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ ዓመት፣ አምስት ወር፣ ሰባት ሳምንት። ስለ ማሽኑ ከዕድሜው ይልቅ እነሱ ይናገራሉ።

የኤሲ ጋዝ እንደ ማብሰያው ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ከክፍሉ ሙቀት ይወስዳል፣ ውጪ ወስዶ ያራግፈዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቱቦው ካልተበሳ በፋብሪካ የተሞላው ጋዝ ማሽኑ እስኪሞት ድረስ ያው ነው። እናም «ጋዝ ጨርሷል» ሲባል የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። ዓመት ይቆይ የነበረው ወደ ሰባት ሳምንት ከወረደ ቀዳዳው እየሰፋ ነው። ዘንድሮ ድጋሚ ብታስሞሉ ክረምት እንኳ ላይደርስ ይችላል።

ጉዳቱ የጋዙ ዋጋ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በውጪው ማሽን ውስጥ ሆኖ ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕሬሰር የሚያቀዘቅዘው ተመልሶ የሚመጣው ጋዝ ነው። ጋዙ ሲሳሳ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፤ ከጋዙ ጋር ዘይትም በቀዳዳው እየወጣ ይጎድልበታል። ስለዚህ «እስኪጨርስ እንጠቀምበት» ተብሎ በጎደለ ጋዝ የሚሠራበት እያንዳንዱ ሳምንት በትንሽ ገንዘብ የሚጠገነውን ማሽን ወደማይጠገነው ይገፋዋል። ይህን ደብዳቤ እስክታነቢ እየሠራ ከሆነ አጥፊው።

ይህን ስል ዘመዳችሁን እያማሁት እንዳይመስልሽ። የሚጠራው ቤቱ ሲነድ ነው፤ ሁሉም ሰው ዛሬ ማታ እንዲቀዘቅዝለት ይፈልጋል። ጋዝ መሙላት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቀዳዳ ፈልጎ መድፈን ግን አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። የእጁን ዋጋ ከእናንተ የማይቀበል ሰው ደግሞ ከየት አምጥቶ አንድ ቀን ተኩል ይሰጣችኋል? ቀዳዳው እስከ ዛሬ ያልተፈለገው ምናልባት በዚሁ በደግነቱ ምክንያት ይሆናል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ። የጻፍሽልኝ ምልክቶች የአንድ በሽታ ብቻ አይመስሉም። በረዶው ቀጭኑ ቱቦ ላይ መሆኑ ለጋዝ መጉደል ያደላል። ወፍራሙ ቱቦ ወይም የውስጡ ማሽን ጠቅላላ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአየር መታፈንን ነበር፤ የቆሸሸ ፊልተር ወይም በአቧራ የተያዘ ብሎወር (የውስጡ ማራገቢያ)። ግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ በውስጥ የተሠራው በረዶ ማሽኑ ሲጠፋ ቀልጦ ከመቀበያው ገንዳ ሲያልፍ ነው፤ ወይም የውሃ መውረጃው ቱቦ ተዘግቷል። ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው። የውጪውን የውሃ ቱቦ ጫፍ እዪ፤ ማሽኑ እየሠራ ከዚያ ምንም የማይንጠባጠብ ከሆነ መዘጋቱን ጠርጥሪ። በረዶው ሲቀልጥ ብቻ እንደ ጎርፍ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የቱቦው አይደለም።

የምሽቱ ማጓራት ግን ከጋዙ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ኮምፕሬሰሩ ለመነሣት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። 220 መሆን የሚገባው መብራት ከ190 ቮልት በታች ሲወርድ፣ ወይም የሚያስነሣው ካፓሲተር ሲደክም፣ ያጓራና ይቀራል። ካፓሲተር የጣሳ ቅርጽ ያለው፣ ዋጋውም ትንሽ የሆነ ዕቃ ነው። የእናንተን በሚያህል ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) የሚል ይጻፍበታል። 35 የተጻፈበት ተለክቶ 30 ካሳየ ወይም ጭንቅላቱ ካበጠ ይለወጥ፤ ክርክር አያስፈልገውም። ብሬከሩ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ የባለሙያ ሥራ ነው። ማሽኑ ሲያጓራ ግን ወዲያው አጥፉት፤ ቢያንስ 5 ደቂቃም ሳይቆይ አታስነሡት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ኮምፕሬሰር የተቃጠለው በእርጅና ሳይሆን በዚህ በአምስት ደቂቃ ችኮላ ነው።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ራስሽ የምታደርጊው አንድ የግማሽ ቀን ሥራ አለ። ብሬከሩን አጥፍተሽ የውስጡን ፊልተር አውጥተሽ በላርጎና በለብ ያለ ውሃ እጠቢው፤ በጥላ ይድረቅ። ከዚያ የውጪውን ማሽን ጀርባ ተመልከቺ። ከሐይቁ የሚነሣው ትንኝ ማታ ማታ መብራት ያለበት ግድግዳ ላይ ይከማቻል፤ የማሽኑ ፋን ይስበውና ስስ በሆኑት የአልሙኒየም ቅጠሎች መካከል ከአቧራ ጋር ተጣብቆ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። የባሕር ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀት የሚያጓጉዝለት አየር ያንሰዋል፤ ለዚህ ነው እዚህ ቆሻሻ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብደው። ለስላሳ ብሩሽ ወደ ቅጠሎቹ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች አድርጊ፣ ከዚያ በተራ ጎማ ቀስ ብለሽ እጠቢው። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ አታስነኪው፤ ቅጠሎቹን አጣጥፎ ይዘጋቸዋል። በረንዳው ላይ ያለውን አምፖልም ከማሽኑ አርቁት።

ሁሉም ሲደርቅ ማሽኑን ለፈተና ብቻ 15 ደቂቃ አስነሥተሽ በተራ የክፍል ቴርሞሜትር ከላይ የሚገባውን አየርና ከታች የሚወጣውን ለኪ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የከሰሳችሁት በከንቱ ነበር። 3 ወይም 4 ዲግሪ ከሆነና ቀጭኑ ቱቦ አሁንም በረዶ ከሠራ የጋዙ መውጣት ተረጋግጧል፤ አጥፍተሽ ወደ ቀዳዳው ፍለጋ እንለፍ። ሰባቱን ሳምንት ሳስብ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ለፍለጋው መጀመሪያ ዓይን ይቅደም። ጋዝ በሚወጣበት ቦታ ዘይትም ይወጣል፤ ዘይት ላይ ደግሞ አቧራ ይጣበቃል። ሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች ከውጪው ማሽን ጋር በናስ ነት የታሰሩበትን ቦታ በነጭ ሶፍት ጥረጊው። የሚቀባ ጥቁር ቅባት ካለ ቀዳዳው እዚያው ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ተመስገን በይ። የቱቦው አፍ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይከፈትና ይታሰራል፤ ከኤሲ ጥገና ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭ ውስጥ ያለችው እንደ ብስክሌት ጎማ ቫልቭ ያለች መርፌም በየዓመቱ ስትከፈት ስትዘጋ ትደክማለች፤ ክዳኑን ከፍቶ የሳሙና አረፋ መቀባት በቂ ነው። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላበት ማሽን ላይ እሷን ሳላይ ሌላ ነገር አልጠረጥርም።

አረፋው ምንም ካላሳየ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። ባለሙያው የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሰብስቦ ቱቦውን በደረቅ ናይትሮጅን ይሞላል። አር 22 በተባለው ጋዝ ለሚሠራ ማሽን ከ250 እስከ 300 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን ማለፍ የለበትም። እስከ ማግስቱ ይተወዋል። ግፊቱ የተነበበው በጠዋት ከሆነ ማግስቱም በጠዋት በዚያው ሰዓት ይነበብ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ያለ ምንም ቀዳዳ ግፊቱ 10 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ከሰዓት ሞልቶ ጠዋት የሚያነብ ሰው በሌለ ቀዳዳ ይሟገታል። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ናይትሮጅን ጠፋ ተብሎ የብየዳ ኦክስጅን እንዳይገባበት። ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

ቀዳዳው ተገኝቶ ከተደፈነ በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ይሳባል (ቫኪዩም ይባላል)፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ። እዚህ ላይ አንድ የከፍታ ጉዳይ አለ። የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ 30 የሚል ቁጥር ቢኖርም በባሕር ዳር ከፍታ መርፌው 24 አካባቢ ይቆማል። ፓምፑ ደክሞ አይደለም፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ከዚያ በላይ ስለማያስኬደው ነው። ዋናው ነገር ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ከቆመበት አለመመለሱ ነው። ከዚያ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ፣ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይሞላል። «ቱቦው እስኪያልበው» ተብሎ በእጅ ስሜት የሚሞላ ጋዝ ይበዛል ወይም ያንሳል፤ ሁለቱም ኮምፕሬሰሩን ይጎዳሉ።

ስለ ይለወጥ አይለወጥ የምወስነው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳው ነቱ ላይ፣ ቫልቩ ላይ ወይም ሊበየድ በሚችል የቱቦ ክፍል ላይ ከሆነ ጠግኑት። 13 ዓመት ለኤሲ ሽማግሌነት ነው፤ በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል ይባላል። እናንተ ጋር ግን ዓመቱን ሙሉ አልሠራም፤ በዓመት ሦስት ወር ነው የሚነሣው። ሰመራ ላይ 13 ዓመት ከሠራ ማሽን ጋር አይወዳደርም።

ቀዳዳው የውስጡ ማሽን ማቀዝቀዣ ራዲያተር ላይ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። እዚያ ያለው መዳብ ስስ ነው፤ አንድ ቦታ ከበላው ብዙ ጊዜ ሌላም ቦታ በልቶታል። ዛሬ ተበይዶ በመጪው ዓመት አጠገቡ ይከፈታል። ለ13 ዓመት ሞዴል አዲስ ራዲያተር ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከሞተም እንደዚሁ። ባለሙያው በኮምፕሬሰሩ ሦስት የሽቦ እግሮች መካከል የኤሌክትሪክ መቋቋሙን ሲለካ ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትናንሾች ድምር መሆን አለበት፤ ከእግሮቹ ወደ ማሽኑ ብረት ምንም ኤሌክትሪክ መተላለፍ የለበትም። ከተላለፈ፣ ወይም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ፣ ወይም ብሬከሩ ገና ሲነሣ የሚጥል ከሆነ፣ ለጥገና የምታወጡት እያንዳንዱ ብር የሐዘን ገንዘብ ነው። በጠቅላላው የጥገናው ዋጋ የአዲሱን ግማሽ ከተጠጋ በዚህ ዕድሜ ላይ አልጠግነውም።

አንድ የሚጨመር ነገር አለ፤ የጋዙ ዓይነት። ከውጪው ማሽን ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የዚያ ዘመን ማሽን ስለሆነ አር 22 የሚል ይመስለኛል። አር 22 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትና በማሻሻያዎቹ መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ አገሮች የተያዘው ቀጠሮ በ2025 እ.ኤ.አ. 67.5 በመቶ እንዲቀነስ፣ በ2030፣ ማለትም በእኛ 2022 ዓ.ም.፣ ለጥገና ከሚተርፈው ጥቂት በቀር እንዲቆም ነው። ስለዚህ የማይተነፍስ የአር 22 ማሽን ይዞ መቆየት ምንም አይደለም፤ የሚተነፍስ መያዝ ግን በየዓመቱ እየጠበበ በሚሄድ ገበያ ላይ መንጠልጠል ነው። «አር 22 ከጠፋ 410 እንጨምርበት» የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትሉ። አር 410ኤ ሌላ ጋዝ ነው፤ ግፊቱ ከአር 22 በግማሽና ከዚያ በላይ ይበልጣል፣ የሚፈልገው ዘይትም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ። «መብራት ይበላል» ያለው ውሸት አይደለም። ጋዝ የጎደለው ማሽን ክፍሉን ስለማያቀዘቅዝ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ያ ግን ቀዳዳው ሲደፈን የሚስተካከል ነው። ኢንቨርተር፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል ኤሲ፣ የሚያተርፈውን በራሳችሁ ቁጥር አስሉት። የእናንተ ማሽን ያለ ዕረፍት ሲሠራ በሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በቀን 5 ሰዓት ለ90 ቀን ብትጠቀሙበት 450 ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ በሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ቢያተርፍላችሁ በዓመት 225 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር ደረሰኛችሁ ላይ ያላችሁበትን እርከን ዋጋ እዪና አባዙት፤ ውጤቱን ከአዲሱ ማሽን ዋጋ ጎን አስቀምጡት። በባሕር ዳር አየር ኢንቨርተር በመብራት ቁጠባ ብቻ ራሱን ቶሎ ይመልሳል ብዬ ባለቤትሽን አላስጎመጀውም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚነሣ መብራት ሲደክም እንደ አሮጌው አያጓራም፣ ሌሊት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ውስጡ ያለው ሰርኪውት ቦርድ ለመብራት መዋዠቅ ስስ መሆኑ ነው።

የግዴታ መግዛት ላይ ከደረሳችሁ ቀድማችሁ ክፍሉን በሜትር ለኩ። ለ14 ወይም 15 ካሬ ክፍል 9,000 ቢቲዩ ይበቃል ይባላል፤ የከሰዓት ፀሐይና ባዶ ቆርቆሮ ላለበት ግን 12,000 አይበዛም። የራሱ የሆነ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መስመርና 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው፤ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ አታድርጉት። ከ3 እስከ 4 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ስታብላይዘር ግዙ። የድሮውን የመዳብ ቱቦ «ደህና ነው» ብለው ቢያስቀሩላችሁ እምቢ በሉ፤ ውስጡ የአሮጌው ዘይት አለ። አዲሱ በአር 32 የሚሠራ ከሆነ ጋዙ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ የሚገጥመው ሰው ይህን ጋዝ የለመደ ይሁን።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽን የሚያስጨንቃቸው የሌሊቱ ሙቀት ነው ወይስ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽት ያለው? ባሕር ዳር በሚያዝያም ቢሆን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትቀዘቅዛለች። ችግሩ የከሰዓቱ ከሆነ ክፍሉ መጀመሪያውኑ እንዳይግል ማድረግ ይቻላል። ኮርኒስ ከሌለ ኮርኒስ፣ ካለም ከበላዩ የሙቀት መከላከያ ስፖንጅ፤ በምዕራብ መስኮት ላይ ከውጪ በኩል የሚወርድ ጥላ። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ነው የሚይዛት። ምሽት ላይ መስኮቱን ለመክፈት ወንፊት ይኑረው፤ ከተማችን የወባ አገር ስለሆነች አጎበሩም አይቅር። ይህ ሁሉ የኤሲውን የሥራ ሰዓት ይቀንሳል፤ አሮጌም ሆነ አዲስ። እግረ መንገድሽን ሐኪማቸውን ስለሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ጠይቂ፤ አንዳንዶቹ ከሰውነት ውሃ ስለሚያስወጡ በሙቀት ወራት ምን ያህል ውሃ ይጠጡ የሚለውን እሱ ይንገራችሁ።

ስለ እናትሽ ሌላም ልበል። «ከግድግዳ እንዳታወርዱብኝ» ያሉትን ቃል በቃል ስሚው። «አትለውጡብኝ» አላሉም። ልጃቸው የላከው ዕቃ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠፍቶ፣ ቆራሌው ወስዶት ሊያገኙት ይችላሉ ብለው ይሆናል የሚፈሩት። ውሳኔው ሳይወሰን፣ ማሽኑ ገና ሳይከፈት፣ ቡና ተፈልቶ ባለበት ጠይቂያቸው፤ «ታሟል፣ ባለሙያ ሊያየው ነው፣ ባይድን ምን እናድርግበት?» ብለሽ። መልሱ እሳቸው ዘንድ ይኖራል። ምናልባት የውስጡ ማሽን ባይሠራም እዚያው ግድግዳ ላይ ይቆይ ይሉ ይሆናል፤ አዲሱ በሌላው ግድግዳ ቢሰቀል ማንን ይጎዳል? የውጪውን ግን መዳቡን ለመሸጥ ተብሎ ቱቦውን በመጋዝ እንዳይቆርጡት፤ በውስጡ የቀረው ጋዝ መጀመሪያ ወደ ሲሊንደር ይሰብሰብ።

ወደ ዘመዳችሁ ልመለስ። ሌላ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ዕድል ለእሱ ስጡት። የሚናገረውም ባለቤትሽ ይሁን፤ ሥጋው ነውና ከእሱ ሲመጣ አይከብድም። እንዲህ ቢለው፦ «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ጋዝ ከመሙላታችን በፊት ቀዳዳውን እንፈልግ። ናይትሮጅንና ሚዛን ታገኛለህ? የሁለት ቀን ሥራህን እንከፍላለን፤ ካልተቀበልክ ሌላ ሰው ለመጥራት እንገደዳለን፣ ያን ደግሞ አንፈልግም።» ክፍያውን ከሥራው በፊት ተነጋግራችሁ ወስኑ። ዕቃው ከሌለው ዕቃ ያለውን ባልደረባውን ይዞ ይምጣ፤ ሥራውን እሱ ይምራ። ክብሩም ይጠበቃል፣ ቀዳዳውም ይፈለጋል። እንዲያም ሆኖ «ዝም ብላችሁ ልሙላላችሁ» ካለ ሌላ መጥራት ነውር አይሆንባችሁም።

የእቁቡ ቀን ገና ስለሆነ አትጣደፉ። ፍተሻው ከግንቦት አጋማሽ በፊት ያልቃል። ቀዳዳው ነቱ ላይ ከተገኘ ላፕቶፑ ተገዛ ማለት ነው፤ ለኮርኒሱም ይተርፋል። ራዲያተሩ ላይ ከሆነ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የማሽኑ ግዢ እስከሚቀጥለው የካቲት ቢቆይ እናትሽ ክረምቱን ያለ እሱ ማለፍ ይችሉ እንደሆነ ተነጋገሩ። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱ እስኪመለስ ብዙ ወራት አላችሁ፣ ልጅሽ ግን ዩኒቨርሲቲ የምትገባው ከዚያ በፊት ነው።

እስከዚያው ማሽኑን «ቅዝቃዜ» ላይ አታስነሡት። እናትሽ ንፋስ ከፈለጉ ሪሞቱ ላይ ፋን ብቻ የሚለውን አድርጉላቸው፤ ኮምፕሬሰሩ አይነሣም። የማሽኑን ጽሑፍ ፎቶና የቴርሞሜትሩን ሁለት ንባብ ላኪልኝ፤ ናይትሮጅኑ ከተሞላ ደግሞ የሁለቱን ጠዋት ቁጥር ጨምሪበት።